ጢስ ዓባይ (መንደር)

ጢስ ዓባይ በኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል፣ ከባሕር ዳር ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዓባይ ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ጢስ እሳት ተብላም ትጠራለች። ከአጠገቧ ባለው ፏፏቴ በዓለም ትታወቃለች። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ፣ ከመንደሯ ጥግ ደግሞ ሁለት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አሉ። ሦስቱም ቅርሶች የሚኖሩት በአንድ ውሃ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ያ ውሃ መቼና ምን ያህል ወደ መንደሯ እንደሚደርስ የሚወሰነው ወደ ላይ፣ በጣና ሐይቅ መውጫ ባለው የብረት በር ነው። የጢስ ዓባይ የቅርብ ጊዜ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ በር ታሪክ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስያሜ

ፏፏቴው ሲወርድ ከሥሩ የሚነሣው የውሃ ብናኝ ከሩቅ ሲታይ ጢስ ይመስላል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። «ጢስ ዓባይ» ማለት የዓባይ ጢስ፣ «ጢስ እሳት» ደግሞ የእሳት ጢስ ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ለፏፏቴውም ለመንደሯም ያገለግላሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው «ጢስ ዓባይ ሄድኩ» ሲል ገበያ ይሁን ፏፏቴ ካልተጠየቀ አይታወቅም። አጻጻፉም አንድ ወጥ አይደለም። ጢስ ዓባይ፣ ጢስ አባይ እና ጭስ ዓባይ የሚሉት ሁሉ በመጻሕፍትና በመንገድ ምልክቶች ላይ ይገኛሉ። የድሮ የውጭ ተጓዦች መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ቦታው «አላታ» በሚል ስም ይገኛል። አላታ በዚያው አካባቢ ዓባይን የምትቀላቀል ትንሽ ወንዝ ስም ነው።

አቀማመጥ

ዓባይ ከጣና የሚወጣው በባሕር ዳር ከተማ በኩል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ጢስ ዓባይ ባለው መንገድ ወንዙ ሰፊና ዝግተኛ ነው። በትንንሽ ደሴቶች መካከል እየተከፋፈለ፣ ደንገልና ዛፍ ባለባቸው ዳርቻዎች ያልፋል። ጉማሬም የሚታየው በዚሁ ክፍል ነው። በመንገዱ ላይ የአንዳሳን ወንዝ ይቀበላል። ከዚያም በድንገት 45 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የጥቁር ድንጋይ ገደል ላይ ይወረወራል። በክረምት ማብቂያ ላይ ወንዙ ሲሞላ የፏፏቴው ወርድ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ሲቀንስ ግን በበርካታ ቀጫጭን ጅረቶች ይከፋፈላል።

ገደሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። የጣናን የውሃ መውጫ በከፊል የገደበውና በወንዙ ሸለቆ ላይ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ባዝልት የተባለውን ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ሠራ። ወንዙ ይህን ድንጋይ ቶሎ ሊቦረቡረው ስላልቻለ ከላይ ሜዳ ለሜዳ ይሄድና ጫፉ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ወዲያው ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። መቶ ሜትሮች ሞልቶ የነበረው ወንዝ ከጥቂት እርምጃ በኋላ በአንድ ቅስት ሊታለፍ የሚችል ይሆናል። ድልድዩ ለምን እዚያ ቦታ እንደተሠራ የሚያስረዳውም ይኸው ነው። ይህ ስንጥቅ እየጠለቀ ሄዶ ጎጃምን በግማሽ ክብ የሚዞረው ታላቁ የዓባይ ሸለቆ መጀመሪያ ነው።

የአላታ ድልድይ

ከፏፏቴው ጥቂት ወረድ ብሎ የሚገኘው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ1626፣ በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ነው። በዓባይ ላይ፣ በታሪክ እንደሚታወቀውም በኢትዮጵያ፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ የመጀመሪያው ድልድይ ነው።

ከዚያ በፊት ጎጃምንና በጌምድርን የሚለያየውን ወንዝ ለመሻገር የነበረው ምርጫ ሁለት ነበር፤ በበጋ መልካ ፈልጎ መግባት፣ ወይም ከደንገል በተሠራ ታንኳ መሻገር። በክረምት መልካው ይዘጋል። ታንኳ ደግሞ ሰው እንጂ ጦር፣ በቅሎና ስንቅ አያሻግርም። በዚህ የተነሣ ለአንድ ንጉሥ ጎጃም በዓመት ለተወሰኑ ወራት የተቆረጠ አገር ይሆን ነበር። ሱስንዮስ ራሱ ዙፋን ላይ ከመውጣቱ በፊት በጎጃምና በአካባቢው ብዙ ዓመት የተዋጋ ሰው ስለነበር የዚህን ችግር ክብደት ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ስለ አሠራሩ ዝርዝር የተወው በዘመኑ በአገሩ ውስጥ የነበረው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ማኑኤል ደ አልሜይዳ ነው። እርሱ እንደጻፈው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአላታ ወንዝ አጠገብ ተገኘ። ግንባታውን የመራው ደግሞ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበር። ሜንዴስ ኢትዮጵያ የገባው በ1625 ነው፤ ድልድዩ ከመጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ቆመ ማለት ነው። በየቦታው «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለው በዚህ ግንኙነት ምክንያት ይሁን እንጂ ስሙ ከታሪኩ ጋር በደንብ አይገጥምም። ያዘዘው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ሥራውን የመራው ከሕንድ የመጣ ግንበኛ፣ ድንጋዩና ኖራውም የዚያው የአካባቢው ነው። «የሱስንዮስ ድልድይ» ቢባል ይበልጥ እውነቱን ይናገር ነበር።

ድልድዩ ካሠሩት ሰዎች ፖለቲካ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ ያደረገው ሙከራ ብዙ ደም ካፋሰሰ በኋላ በ1632 እምነቱን በነፃ ለቅቆ ሥልጣኑን ለልጁ ለፋሲለደስ አስረከበ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ። ድልድዩን ግን ያፈረሰው የለም። እስከ ዛሬም ድረስ የአካባቢው ገበሬ ከብቱን እየነዳ፣ አህያውን ጭኖ ይሻገርበታል። ወደ ፏፏቴው የሚሄድ ጎብኚም መጀመሪያ የሚረግጠው ይህንኑ ድልድይ ነው።

ይህ ድልድይ ከሰባራ ድልድይ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሰባራ ድልድይ ከጢስ ዓባይ በታች ርቆ፣ በሞጣ አቅጣጫ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ድልድይ ነው። ግንባታው ለዐፄ ፋሲለደስ ይሰጣል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለተሰበረ ይህን ስም አገኘ፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሰዎች ክፍተቱን በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩበት ነበር። በኢንተርኔት ላይ «የጢስ ዓባይ ድልድይ» ተብለው ከሚቀርቡት ፎቶዎች ውስጥ ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው የሚታዩባቸው የሰባራ ድልድይ ናቸው።

የተጓዦች ክርክር

በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ኢየሱሳውያን መካከል ፔድሮ ፓዬዝ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀሮኒሞ ሎቦ ደግሞ ስለ ፏፏቴው ጻፈ። ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ፣ በውሃውና በገደሉ መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ እንደተቀመጠና ከዚያ ሆኖ ቀስተ ደመና እንዳየ ይተርካል። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ትርጉም በኩል አልፎ በ1735 በሳሙኤል ጆንሰን ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል። ለዚህ ሥራ ካልሆነ ስማቸው ከማይገናኝ ሰዎች መካከል ጢስ ዓባይና የታዋቂው መዝገበ ቃላት ደራሲ አንዱ ጥንድ ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ፏፏቴውን አይቶ የሎቦን ታሪክ ውሸት ነው አለ። በእርሱ አመለካከት ከፏፏቴው ሥር ያለው ውሃ እየተናወጠ ማንንም ወደ ገደሉ አያስጠጋም። ብሩስ ግን በሞላ ጊዜ ያየውን ይዞ ነው የተከራከረው። የፏፏቴው መጠን ከወር ወር እጅግ ስለሚለያይ በደረቅ ወቅት ወደ ገደሉ መጠጋት የማይታሰብ ነገር አይደለም። ብሩስ ራሱም ከስሕተት አላመለጠም። ከፍታውን 40 ጫማ ያህል፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ ብሎ ገምቶታል፤ ይህ ከእውነተኛው ከፍታ አንድ ሦስተኛም አይሞላም። ሎቦን ለማሳጣት የነበረው ጉጉት ከመለኪያው የበለጠ ይመስላል።

በ20ኛው መቶ ዘመን ጎብኚው በረከተ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጣናንና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ፤ ሥራውንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛዋ በ1965 ኢትዮጵያን ስትጎበኝ ጢስ ዓባይም ከተወሰደችባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1968 ደግሞ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር ቡድን በጎማ ጀልባዎች የዓባይን ሸለቆ ወርዷል።

ለኢትዮጵያውያን ፏፏቴውን ከሁሉ በላይ ያስተዋወቀው ግን ገንዘብ ነው። በደርግ ዘመን በ1976 በወጣው ባለ አንድ ብር ኖት ፊት ላይ የልጅ ምስል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከሁለት ወፎች ጋር ይታያል። ኖቱ በብረት ሳንቲም እስኪተካ ድረስ ባሕር ዳርን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ፏፏቴውን በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። በኖቱ ላይ ያለው ፏፏቴ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ነው። ዛሬ በጥር ወይም በሚያዝያ ወደ ቦታው የሚሄድ ሰው ያንን ሥዕል አስቦ ከሄደ ይገረማል።

የመጀመሪያው ማመንጫ

ውሃ ከከፍታ ላይ በተፈጥሮው የሚወድቅበት ቦታ ለመሐንዲስ ግማሽ ሥራው እንደተሠራለት ነው። ትልቅ ግድብ መሥራት አያስፈልግም። ከፏፏቴው በላይ ውሃውን በቦይ መጥለፍ፣ በግፊት ቱቦ ወደ ታች መልቀቅ፣ ተርባይኑን ካዞረ በኋላም ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ መመለስ ይበቃል። ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 የተባለው ማመንጫ በዚህ መልክ ተሠርቶ በ1964 ሥራ ጀመረ። አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉ የሄደው ያኔ በፍጥነት እያደገች ለነበረችው ባሕር ዳርና ለአዲሱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ነበር።

ይህ ማመንጫ ከፏፏቴው ምን ያህል ውሃ እንደሚወስድ በቀላል ሒሳብ ማወቅ ይቻላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በየሰከንዱ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በ46 ሜትር ቢወርድ 450 ኪሎ ዋት ያህል ጉልበት ይሰጣል (1,000 × 9.81 × 46)። በቱቦው፣ በተርባይኑና በጀነሬተሩ የሚባክነው ሲቀነስ 400 ኪሎ ዋት ገደማ ይቀራል። ስለዚህ 11.4 ሜጋ ዋት ለማመንጨት በሰከንድ 30 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ያስፈልጋል።

ከጣና የሚወጣው ውሃ በአማካይ በዓመት 3.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ይህ በሰከንድ ሲመታ 120 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንግዲህ ቁጥር 1 በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የሚወስደው ከአማካዩ ፍሰት ሩብ ያህሉን ነው። በክረምት ይህ ለዓይን አይታወቅም። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ወንዙ ሲሳሳ ግን ልዩነቱ ይታያል። ቢሆንም ለ30 ዓመት ያህል ፏፏቴውና ማመንጫው ጎን ለጎን ኖረዋል። ወንዙ በራሱ ጊዜ ይሞላ፣ በራሱ ጊዜ ይጎድል ነበር፤ ማመንጫውም የመጣለትን ይወስድ ነበር።

የጨረጨራ በር

ጣናን እንደ ትልቅ የውሃ ጎተራ የመጠቀም ሐሳብ ከማመንጫው በፊት የነበረ ነው። በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ጣና በስም ተጠቅሷል፤ በ1920ዎቹ መጨረሻም የኢትዮጵያ መንግሥት የሐይቁን መውጫ ለመገደብ ከአንድ የአሜሪካ የምሕንድስና ድርጅት ጋር ተነጋግሯል። ያኔ ያልተሠራው ሥራ በትንሽ መልኩ የተሠራው በ1990ዎቹ ነው።

ጨረጨራ በባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራ ዝቅተኛ ግድብ ነው። እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ግድቦች ሸለቆ ዘግቶ አዲስ ሐይቅ አይፈጥርም። የሚያደርገው የነበረውን ሐይቅ መክፈትና መዝጋት ነው። በ1996 በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ2001 አምስት ተጨመሩለትና ሰባት ሆኑ። በእነዚህ በሮች የሐይቁ ከፍታ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ይስተካከላል። ሦስት ሜትር ትንሽ ቢመስልም ሐይቁ 3,000 ካሬ ሜትር ሳይሆን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመካከሉ የሚቆጠበው ውሃ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያልፋል። ይህም ወንዙ ከሁለት ዓመት በላይ የሚያፈስሰው ውሃ ነው።

በዚያው በ2001 ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ተከፈተ። አቅሙ 73 ሜጋ ዋት፣ ከመጀመሪያው ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ መልሶ መሥራት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሁለቱ ማመንጫዎች አንድ ላይ በሙሉ አቅም ቢሠሩ በሰከንድ 200 ሜትር ኩብ አካባቢ ይፈልጋሉ። ወንዙ በአማካይ ያለው ግን 120 ነው። በሌላ አነጋገር በዓመቱ ውስጥ ለአብዛኛው ጊዜ ሁለቱ ማመንጫዎች ወንዙን በሙሉ ሊጠጡት ይችላሉ። ለገደሉ የሚተርፈው ማመንጫዎቹ ያልፈለጉት፣ ወይም ለገደሉ ተብሎ የሚለቀቀው ብቻ ነው።

ለውጡ ወዲያው ታየ። ከ2001 በኋላ በነበሩት ዓመታት ፏፏቴው በበጋ ወራት ወደ ጥቂት ክሮች ቀነሰ። በዚያ ላይ በ2002 እና በ2003 ዝናብ በማነሱና ለኃይል የተለቀቀው ውሃ በመብዛቱ የጣና መጠን ከተለመደው በታች ወርዶ በሐይቁ ላይ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ። ጉዳዩ የመንደሯ ብቻ መሆኑ ያበቃውም ያኔ ነው። ባሕር ዳርም፣ ጎርጎራም፣ የደሴቶቹ ገዳማትም የበሩን አከፋፈት ማስተዋል ጀመሩ።

የዓለም አቀፍ የውሃ አስተዳደር ተቋም ተመራማሪዎች ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝ ሕይወቱ እንዲቀጥል በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም ከአማካይ ፍሰቱ 22 በመቶ ያህል እንደሚያስፈልገው አስልተዋል። ይህ ሂሳብ የተሠራው ለወንዙ ዕፅዋትና እንስሳት ነው። ለቱሪስት ዓይን የሚሞላ ፏፏቴ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነጥብ ይህ ነው፤ «ወንዙ እንዳይሞት» የሚለውና «ፏፏቴው እንደ ኖቱ ይታይ» የሚለው ጥያቄ የተለያየ መጠን ያለው ውሃ ይፈልጋሉ።

ጣና በለስ

በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ነገሩን እንደገና ለወጠው። ይህ ፕሮጀክት ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ውሃ ወስዶ ከመሬት በታች በተቆፈረ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ተፋሰስ ያወርዳል። አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ከ300 ሜትር በላይ በመሆኑ በጢስ ዓባይ 400 ኪሎ ዋት የሚሰጠው ያው አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በበለስ ከ2,500 ኪሎ ዋት በላይ ይሰጣል። ለአገሪቱ የኃይል መረብ ሲታሰብ ምርጫው አከራካሪ አይደለም። አንድ ባልዲ ውሃ በበለስ ስድስት አምፖል ቢያበራ በጢስ ዓባይ አንድ ብቻ ነው የሚያበራው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች በዋናነት ተጠባባቂ ሆነዋል። ይህ ለፏፏቴው መልካም ዜና ይመስላል፤ በአንድ በኩልም ነው። ማመንጫዎቹ ካልሠሩ ከጨረጨራ የሚለቀቀው ውሃ ሁሉ በገደሉ ላይ ያልፋል። በሌላ በኩል ግን ወደ በለስ የሄደ ውሃ ወደ ጢስ ዓባይ ጨርሶ አይመጣም። ውሃው ከአገር አልጠፋም። በበለስ በኩል ዞሮ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ምድር፣ ወደ ሱዳን ድንበር በሚጠጋ ቦታ ዓባይን መልሶ ያገኘዋል። ያለፈው መንደሯን ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ የፏፏቴው መሳሳት ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጋር ሲያያዝ ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። የሕዳሴ ግድብ ከጢስ ዓባይ በታች በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ጉባ ላይ ይገኛል፤ ወደ ላይ ያለውን ፏፏቴ የሚነካበት መንገድ የለም።

ዛሬ ፏፏቴው በድሮው ግርማው የሚታየው ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ነው። ያኔ ሐይቁም ይሞላል፣ ከጨረጨራ በታች የሚገባው የአንዳሳ ወንዝም ማንም በር ሳይከፍትለት ይመጣል። የክረምቱ ውሃ አፈር የተሸከመ ቡናማ ነው።

ገደሉና ዓሦቹ

የፏፏቴው ትልቁ ቅርስ ምናልባት የማይታየው ነው። ከታች ያሉ የአባይ ዓሦች ይህን ገደል ወጥተው ወደ ጣና መግባት አይችሉም። በዚህ ምክንያት የሐይቁ ዓሦች ከቀሪው የዓባይ ተፋሰስ ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ኖሩ። በሀገሬው ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 15 በሚጠጉ የተለያዩ ዝርያዎች ተከፋፈለ። አንዱ ትንንሽ ነፍሳት ይበላል፣ ሌላው አትክልት፣ ሌላው ደግሞ የራሱን ዘመዶች ያድናል። አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ለዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች ጣና የታወቀው በዚህ ሲሆን፣ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ይህ ገደል እንደ አጥር ባያገለግል ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። በገደሉ ላይ ጥቂትም ቢሆን ብዙም ውሃ ቢወርድ አጥርነቱ አይቀየርም።

ከገደሉ ሥር ባለው የብናኝ ዞን ያለው ለምለም ግን በውሃው መጠን ላይ የተንጠለጠለ ነው። እዚያ የሚበቅለው ሣርና ዛፍ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የለመደ ነው፤ ጦጣና ወፍም የሚሰበሰበው ለእርሱ ነው። ጢሱ በጠፋባቸው ወራት መጀመሪያ የሚደርቀው ይኸው ነው።

መንደሯና ኑሮዋ

የጢስ ዓባይ ነዋሪዎች በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። በአካባቢው በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ይዘራል። ገበያው ከወንዙ ማዶና ማዶ ያሉ ቀበሌዎችን ያገናኛል፤ የሱስንዮስ ድልድይ ዛሬም ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ለገበያተኛው ነው።

ለመንደሯ ሁለተኛው የገቢ ምንጭ ጎብኚ ነው። ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው የመግቢያ ትኬቱን በመንደሯ ይቆርጣል፤ ከዚያ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በእግር በድልድዩ ተሻግሮ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ወዳለው ኮረብታ የሚወጣው ነው። ሌላው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ገደሉ የሚጠጋው ነው። በመንገዱ ላይ አስጎብኚ ወጣቶች፣ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ነጠላና ያጌጠ ቅል የሚሸጡ ሴቶች ይገኛሉ። ሁሉም ሥራቸው በአንድ ነገር ላይ ቆሟል፤ ጎብኚው ሲደርስ ውሃው በገደሉ ላይ መኖሩ። ከ2000ዎቹ ጀምሮ የውጭ የጉዞ መጻሕፍት ከመነሣት በፊት ፏፏቴው ውሃ እንዳለው መጠየቅን ይመክራሉ። ውሃ የሌለበት ወር ላይ የመጣ ጎብኚ ድልድዩን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ባሕር ዳር ሲደርስም ለሌላው «አትድከም» ይላል።

ከመንደሯ ሰው አንጻር ሒሳቡ ከሜጋ ዋት ሌላ መልክ አለው። በቁጥር 1 እና በቁጥር 2 ዘመን የጠፋው ውሃ ቢያንስ እዚያው አጠገብ ተርባይን ያዞር ነበር፤ ለጥበቃና ለጥገናም ሰው ይቀጠር ነበር። ወደ በለስ የሄደው ግን ሥራውንም ይዞ ነው የሄደው። የመግቢያ ትኬቱ ገቢ እና የማመንጫው ገቢ በተለያየ መዝገብ ስለሚያዙ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በገደሉ ላይ ሲያልፍ ለመንደሯ ምን እንደሚያመጣ ከመብራቱ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው። በጨረጨራ በሩን የሚከፍተው ክፍል የሚመራው በኃይል ፍላጎትና በሐይቁ ከፍታ ነው።

ጉብኝት

ከባሕር ዳር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የሕዝብ ማመላለሻም አለ። ከመንደሯ በድልድዩ በኩል እስከ ፏፏቴው ያለው የእግር መንገድ ድንጋያማ ነው፤ በክረምትም ጭቃው ያንሸራትታል። ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ በብናኙ ላይ ቀስተ ደመና ይታያል፤ ሎቦ ከ400 ዓመት በፊት አየሁ ያለውን ማለት ነው። ቁጥር 1 ማመንጫ ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ቢሆንም እስካሁን ጎብኚዎች የሚያዩት እንደ ቅርስ ሳይሆን እንደ ተዘጋ ግቢ ነው።